«አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለእኛ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ተለይቶ የተነገረ እየመሰለኝ የመጣው በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት በላባችን ከደረሰው ነገር በኋላ ነው። ጉዳዩ ሲጀምር ተራ ነገር ነበር። ከዓመት በላይ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ አንድ ስክሪፕት በድንገት የሲስተም ፎልደር ማግኘት አቃተው። ሲውል ሲያድር ግን ነገሩ ከኮምፒዩተሩ አልፎ ሰው ላይ ደረሰ። በዚህች ጽሑፍ የቴክኒኩንም ሆነ ሰው ላይ የደረሰውን አንድ ላይ ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማስረዳት አይቻልምና።

በመጀመሪያ ስክሪፕቱ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። የተመራቂ ተማሪዎች የፕሮጀክት ሥራ በሙሉ የሚቀመጠው በላቡ አንድ ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨር እንበለው እንጂ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ተራ ዴስክቶፕ ነው። በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ አጭር የባች ስክሪፕት ይነሣና የዕለቱን ፋይሎች በሌላ ሕንፃ ወደሚገኝ የሊኑክስ ማሽን ይገለብጣል። ለመገልበጥ የሚጠቀመው ኤስሲፒ የተባለውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ከሚባለው ስብስብ አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ማሻሻያ ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል። የሚቀመጠውም ሲስተም32 በተባለው የታወቀ የሲስተም ፎልደር ሥር፣ ኦፕንኤስኤስኤች የሚል ስም ባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ነው።

ስክሪፕቱ ሥራውን የሚያከናውነው በሦስት እርምጃ ነው። አንደኛ፣ በሲስተም32 ሥር ድራይቨርስ፣ በእርሱም ሥር ኢቲሲ ወደተባለው ፎልደር ገብቶ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ያነባል፤ የሊኑክሱ ማሽን አድራሻ የተመዘገበው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የኦፕንኤስኤስኤች ፎልደር መኖሩን ያረጋግጣል። ሦስተኛ፣ መገልበጥ ይጀምራል። እያንዳንዱን እርምጃም ሎግ ላይ ይጽፋል። የጻፉት ከእኛ በፊት የተመረቁ ልጆች ናቸው። በጣም ጥሩ ሥራ ስለሆነ አብዛኞቻችን መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አልቆ ሰኞ ጠዋት ስንመለስ ግን ሎጉ 11 ሌሊት ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ጠበቀን። «ሆስትስ ተነቧል። የኦፕንኤስኤስኤች ፎልደር አልተገኘም። ሥራው ተቋርጧል።» በቃ፣ ይኸው ብቻ። የፕሮጀክት ማስረከቢያው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እየተንቋቋ የሚነሣ ሃርድ ዲስክ ላይ የ40 ተማሪዎች የዓመት ሥራ ያለ ቅጂ ተቀምጧል። በላቡ የነበረውን ድንጋጤ መገመት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቫይረስ ነው። በየኮሌጁ ላብ የሠራ ሰው ይህን ጥርጣሬ ያውቀዋል። በፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በቦታቸው በዚያው ስም ሾርትከት ይተክላል፤ ተማሪው «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ሲያለቅስ ፋይሉ ግን ተደብቆ እዚያው አለ። ስለዚህ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብርተን ሲስተም32ን ከፈትን። ፎልደሩ አልተደበቀም፤ በግልጽ ተቀምጧል። ውስጡ ስንገባ ኤስሲፒም አለ። አንቲቫይረሱም ምንም አላገኘም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ዲስኩ ነው። በመብራት መቆራረጥ የተነሣ የፋይል ሲስተሙ ተጎድቶ ይሆናል ተባለና የዲስክ ምርመራው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ላይ ውጤቱ ንጹሕ ነበር።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሰው ነው። የላቡ ኃላፊ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሙግታቸውም በደንብ የተሰደረ ነበር። «እስኪ አስቡት፤ ሆስትስ ያለው ሲስተም32 ውስጥ ነው፤ ስክሪፕቱ ያንን አንብቧል። ስለዚህ ሲስተም32 አልተበላሸም ማለት ነው። የተከለከለው ይህችን አንዲት ፎልደር ብቻ ነው። አንዲት ፎልደር ለይቶ ፈቃዷን የሚቀይር ቫይረስም ዲስክም አይደለም፤ ሰው ነው» አሉ። በዚያ ማሽን ላይ የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ እርሳቸው፣ ሌላዋ በላብ ረዳትነት የምታገለግል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። እርሷም ከዕረፍቱ በፊት በነበረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዚያ ማሽን ላይ ኮምፓይለር ጭናለች። ስክሪፕቱ መውደቅ የጀመረው የዚያኑ ሌሊት ነው።

«ቲቸር፣ እኔ ኮምፓይለሩን ጭኜ ነው የወጣሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም» አለች።

«ታዲያ ማን ነካው?» አሏት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ልትሰጥ አትችልም፤ ማንስ ይችላል?

የዚያኑ ዕለት ፓስወርዱ ተቀየረ። የረዳትነት ተራዋ «ጉዳዩ እስኪጣራ» ተብሎ ቆመ። ከተራው ጋር በየወሩ የምታገኛት ጥቂት ብርም ቆመች፤ ያች ብር ለፎቶ ኮፒዋም፣ ለሳሙናዋም የምትሆናት ነበረች። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጻፍ የሚልም ነበር። ካፌ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ልጆች «ሀከሯ መጣች» ማለት ጀመሩ። ወሬ መቼም ባክአፕ አያስፈልገውም፤ ራሱን በራሱ ይገለብጣል።

እኔ በዚያ ሳምንት የላብ ተረኛ ስለነበርኩ ስክሪፕቱን መርምሬ እንዳስተካክል ታዘዝኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ፋይሉን ራሴ ማስነሣት ነበር። ዴስክቶፑ ላይ ሆኜ ሁለቴ ክሊክ አደረግኩት። ሆስትስ ተነበበ፣ ፎልደሩ ተገኘ፣ የ11 ቀኑ ፋይል በሙሉ ተገለበጠ! ቢያንስ የተመራቂዎቹ ሥራ ከአደጋ ወጣ። ጥርጣሬው ግን በዚህ እንደመቀነስ ባሰበት። «አያችሁ? ቀን ቀን እኛ ስናየው ይሠራል፤ ማታ የሚዘጋው ሰው አለ» ተባለ።

በማግስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስክሪፕቱ እንደገና ወደቀ። ልብ በሉ፣ ተማሪዋ በዚያን ሰዓት ፓስወርዱ የላትም። «እንግዲያማ አንድ ነገር ውስጡ ትታለች» አሉ አንዳንዶች። የተጠረጠረ ሰው እንዲህ ነው፤ ቢገኝም ወንጀለኛ፣ ባይገኝም ወንጀለኛ።

አሁን በእጄ ላይ ያለው እውነታ ይህ ነበር። ፋይሉ አንድ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት ቀንም ከዓመት በፊት ነው። ማሽኑ አንድ ነው። ፎልደሩም አንድ ነው። መልሱ ግን ሁለት ነው፤ በቀን «አለ»፣ በሌሊት «የለም»። ስለዚህ የሚለያየው የተጠየቀው ነገር ሳይሆን ጠያቂው መሆን አለበት። ቀን ላይ ስክሪፕቱን የማስነሣው እኔ ነኝ፤ ሌሊት የሚያስነሣው ግን ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚጠራ ፕሮግራም ነው።

ይህን ለማጣራት አምስት መስመር የማትሞላ ሌላ ስክሪፕት ጻፍኩ። ምንም አትገለብጥም፤ የምትሠራው ራሷን መግለጽ ብቻ ነው። በማን ስም እንደተነሣች፣ ከየትኛው ፎልደር እንደተነሣች፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ምን ተብሎ እንደተነገራት፣ በመጨረሻም ሲስተም32 ውስጥ የምታየውን ሁሉ በዝርዝር ትጽፋለች። አንድ ጊዜ በእጄ፣ አንድ ጊዜ በዚያው በሌሊቱ ጠሪ ፕሮግራም በኩል አስነሣኋትና ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

የተጠቃሚው ስም በሁለቱም አንድ ነው። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር። ሁለቱም በአንድ ስም ከሆነ የተነሡት መብታቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ «ፈቃዱን የቀየረ ሰው አለ» የሚለው ሙግት እዚህ ላይ ያበቃል። የፕሮሰሰሩ ዓይነት ግን በአንደኛው «ኤኤምዲ64»፣ በሌላኛው «ኤክስ86» ይላል። እንዴ! አንድ ማሽን እንዴት ሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር ይኖረዋል? የሲስተም32 ዝርዝሩም አይገጥምም። በጠሪው ፕሮግራም በኩል በመጣው ዝርዝር ውስጥ ብዙ ፋይሎች ጎድለዋል፤ ኦፕንኤስኤስኤች የሚል ፎልደርም ጭራሽ የለም። ስክሪፕቱ አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሲስተም32 የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ነው። ያኔ አዲሱ ነገር 32 ቢት ስለነበር ስሙ ትክክል ነበር። በኋላ 64 ቢት መጣ፤ ለምሳሌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ኤክስ64 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚህ ጊዜ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ሲስተም32 የሚለውን ስም በውስጣቸው ጽፈው ይዘውት ነበር። ስሙ ቢቀየር እነዚያ ፕሮግራሞች ወደ 64 ቢት ሲዛወሩ ችግር ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ስሙ እንዳለ ተተወና የ64 ቢት ፋይሎች መኖሪያ ሆነ። ለ32 ቢቶቹ ደግሞ ሲስዋው64 የሚባል ሌላ ፎልደር ተሠራላቸው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ 32 በሚለው ውስጥ ያለው 64፣ 64 በሚለው ውስጥ ያለው 32 ነው።

አንድ የ32 ቢት ፕሮግራም መጥቶ «ሲስተም32ን ክፈቱልኝ» ሲል ዊንዶውስ በዝምታ እጁን ይዞ ወደ ሲስዋው64 ይወስደዋል። ሌላ ቦታ እንደወሰደውም አይነግረውም። ይህ ተንኮል አይደለም፤ የቆዩ ፕሮግራሞች ዛሬም ድረስ በ64 ቢት ማሽን ላይ መሥራት የቻሉት ከብዙ በጥቂቱ በዚህ ዘዴ ነው። ኦፕንኤስኤስኤች ግን በሲስዋው64 ውስጥ አቻ የለውም። ስለዚህ በዚያ በኩል የመጣ ሁሉ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል።

ታዲያ ሆስትስ እንዴት ተነበበ? የኃላፊያችንን ሙግት ያን ያህል ጠንካራ ያስመሰለው ይኸው አልነበረም? መልሱ በዚሁ ሕግ ውስጥ አለ። ከዚህ የማዛወር ሕግ ነፃ የሆኑ ጥቂት ንዑስ ፎልደሮች አሉ። ከድራይቨርስ ሥር ያለው ኢቲሲ አንዱ ነው፤ የፕሪንተር ሥራ የሚጠራቀምበት ስፑል ሌላው ነው። እነዚህን 32 ቢቱም 64 ቢቱም እኩል ያያቸዋል። ስክሪፕቱ አንዱን እርምጃ አልፎ በሁለተኛው የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም ሰው ሆን ብሎ አንዲት ፎልደር ለይቶ የዘጋ አስመሰለው።

ላረጋግጥ ብዬ አንድ ሙከራ ጨመርኩ። ሲስዋው64 ውስጥ አንድ ባዶ የጽሑፍ ፋይል አስቀመጥኩና ያችን ትንሽ ስክሪፕት በጠሪው ፕሮግራም በኩል እንደገና አስነሣኋት። ፋይሉን አየችው፤ የት አየሁት አለች? «ሲስተም32 ውስጥ»! ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

የቀረው ጥያቄ «ለምን በድንገት?» የሚለው ነው። መልሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከዕረፍቱ በፊት በነበረው በዚያው ሐሙስ ጠዋት የላቡን ማሽኖች ሁሉ ከአንድ ቦታ ለመቆጣጠር የሚያስችል አዲስ ፕሮግራም ተጭኗል። ቀድሞ የዊንዶውሱ ታስክ ስኬጁለር ይጠራው የነበረው የሌሊት ሥራም ወደ እርሱ ተዛውሯል። ታስክ ስኬጁለሩ 64 ቢት ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ 32 ቢት። በ32 ቢት ፕሮግራም የተጠራ ስክሪፕት በ32 ቢቱ ኮማንድ ፕሮምፕት ይነሣል፤ ስለዚህ የሚያየው ዓለም የጠሪውን ዓለም ነው። ሁላችንም «ስክሪፕቱን ማንም አልነካውም» ስንል እውነት ነበር። የተቀየረው የጠራው ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ብቻ ፈጀ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲስኔቲቭ የሚባል ልዩ ስም አለ። ይህ ስም ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ብቻ የሚታይ በር ነው፤ በእርሱ የገባ ሁሉ ትክክለኛው የ64 ቢት ሲስተም32 ውስጥ ይገባል። እናንተ በ64 ቢቱ ፋይል ኤክስፕሎረር ብትፈልጉት አታገኙትም። ስለዚህ በስክሪፕቱ አናት ላይ እንዲህ የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ። ይህ በር ከታየህ የጠራህ 32 ቢት ነው፤ በዚያው በር ግባና የ64 ቢቱን ኮማንድ ፕሮምፕት ጠርተህ ራስህን እንደ አዲስ አስነሣ። በሩ ካልታየህ ሥራህን ቀጥል። የዚያን ዕለት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፋይሎቹ ተገለበጡ።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ለኃላፊው አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቧቸውና ዝም አሉ። ከዚያም ልጅቷን አስጠርተው በላቡ በነበርነው ሁሉ ፊት «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አሏት። ተራዋም ተመለሰላት፤ አዲሱም ፓስወርድ ተሰጣት። እርሷም «እኔ እኮ መጀመሪያም ነግሬያችሁ ነበር» ብቻ ነው ያለችው። እውነቷን ነው። ካፌ ውስጥ ግን ያ ቅጽል ስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ሲሰማ ነበር። ስክሪፕቱን ለማስተካከል ሁለት ቀን በቂ ሆነ፤ የሰው ስም ግን በሁለት ቀን አይስተካከልም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ በእኛ ላብ ብቻ፣ በዊንዶውስ ብቻ የሚደርስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንደ ዴቢያን ባሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ክሮን የሚያስነሣው ስክሪፕት የሚሰጠው ፓዝ እናንተ ተርሚናል ላይ ከምታገኙት በጣም ያጠረ ነው። ስለዚህ በእጅ ሲነሣ የሚሠራው ስክሪፕት ሌሊት ላይ «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላል። ሰርቪስ ሆኖ በሲስተሙ በራሱ ስም የሚነሣ ፕሮግራምም «የተጠቃሚው ፎልደር» ሲባል የሚያገኘው የእናንተን ሳይሆን በሲስተም32 ሥር፣ ኮንፊግ ውስጥ የተቀመጠውን የራሱን ነው። እናንተ ገብታችሁ ዜድ ብላችሁ የሰየማችሁት የኔትወርክ ድራይቭም ለሌላ ተጠቃሚ ወይም ለሰርቪስ አይታይም። በእነዚህ ሁሉ «አልተገኘም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ጠያቂው ከቆመበት ቦታ ሲታይ ነው።

እንግዲህ በእኔ በኩል ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። በራሱ ጊዜ የሚነሣ ስክሪፕት ስንጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ አምስት ነገር ሎጉ ላይ ይጻፍ። ማን ጠራኝ? በማን ስም ነው የተነሣሁት? ከየትኛው ፎልደር ነው የምሠራው? በስንት ቢት ነኝ? የያዝኩት ፓዝ ምንድን ነው? ይህ በሎጉ ላይ ቢኖር ኖሮ የሁለት ቀኑ ፍለጋ የአሥር ደቂቃ ሥራ ይሆን ነበር። አሁን የእኛው ስክሪፕት «አልተገኘም» ሲል ማን ሆኖ፣ የት ቆሞ እንደፈለገ አብሮ ይጽፋል።

ሁለተኛው ለዲፓርትመንታችን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ማሽን በተበላሸ ቁጥር «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል፤ «ምን ተቀየረ?» የሚለው ግን ይዘገያል። ስለዚህ በላብ ጉዳይ በተማሪ ላይ ክስ ሲቀርብ በዚያ ሳምንት በማሽኑ ላይ የተጫነው፣ የተነሣውና የተዛወረው ሁሉ የተዘረዘረበት አንድ ገጽ አብሮ እንዲያያዝ፣ ገጹ ሳይያያዝም የማንም ስም ለኮሚቴ እንዳይተላለፍ ሐሳብ አቀርባለሁ።